ትልቁ ዲኤስኤልአር ወይስ የኪስ ካሜራ? አክስቴ የትኛውን ታምጣልኝ?

የሱሉልታዋ መምህርት

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ?

የምኖረውም የማስተምረውም ሱሉልታ ነው። አክስቴ ለገና ከውጭ ትመጣለች። «ካሜራ ነው አይደል የምትፈልጊው? አንዱን ምረጪና ንገሪኝ» ብላኛለች። ያገኘችልኝ ሁለት ነው፣ ሁለቱም ያገለገሉ። አንደኛው ኒኮን ዲ7200፣ ሌንሱ የሚፈታው ትልቁ ዲኤስኤልአር፣ ከ18-140 ሚሊሜትር ዙም ሌንሱ ጋር፣ ሌላኛው የኪስ ካሜራው ሶኒ አርኤክስ100፣ የመጀመሪያው፣ እ.ኤ.አ. የ2012ቱ። ዋጋቸው ይቀራረባል፣ ስለዚህ ያስቸገረኝ ገንዘቡ አይደለም።

አሁን እጄ ላይ ያለችው ካነን ኢክሰስ 185 ናት። ከነባትሪዋ 126 ግራም ብቻ ነች፣ ሹራቤ ኪስ ውስጥ ከትቻት እረሳታለሁ። ዲ7200ን ደግሞ ከጓደኛዬ ተውሼ ሁለት ሳምንት ይዤው ዞሬያለሁ። ስለዚህ በወሬ አይደለም የምጠይቃችሁ፣ ሁለቱን ቀምሼ ነው ግራ የገባኝ።

እዚህ ጠዋት ጠዋት ሯጮች ይለማመዳሉ፣ ሱሉልታ ለዚህ የታወቀች ናት። ከ12 ሰዓት ጀምሮ፣ ጭጋጉ ገና ሳይነሳ፣ በቡድን በቡድን ሆነው ሜዳውን ሲያቋርጡ ማየት በጣም ደስ ይላል። ከተማሪዎቼ ሁለቱ አብረዋቸው መሮጥ ጀምረዋል። እነሱን ማንሳት ነው የምፈልገው። በኢክሰሷ ስሞክር ቁልፉን እጫናለሁ፣ ካሜራዋ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ በኋላ ሳየው ፎቶው ላይ ያለው የአንዱ ተረከዝና ባዶ መንገድ ነው። በዲ7200 ግን ተጫንኩ፣ ያዘ። በቃ። የልጁ ትንፋሽ በብርዱ እንደ ጭስ ሲወጣ ሁሉ ይታያል። ያን ፎቶ ለእናቱ ሳሳያት ስልኬን ከእጄ ተቀብላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችው።

ታዲያ ምን ትጠይቂያለሽ ትሉኝ ይሆናል። አያቴ ናት ችግሩ። ትልቁን ካሜራ ሳወጣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ታደርጋለች፣ ለመታወቂያ እንደምትነሳ ሰው ቀጥ ትላለች። ፊቷ ይጠፋብኛል። በኢክሰሷ ግን ቡና ስትቆላ፣ ጭሱ ዓይኗን ሲያስለቅሳት፣ ዕጣኑን ቆንጥራ ፍሙ ላይ ስትጥል፣ እሷ ራሷ ሳታውቅ ነው ያነሳኋት። ወደ 80 ዓመት ተጠግታለች። እነዚያ ፎቶዎች ብዥ ያሉና ነጠብጣብ የበዛባቸው ናቸው፣ ግን እሷ ናት ያለችው።

ክብደቱም አለ። የዲ7200 ቦዲ ከነባትሪው 765 ግራም፣ ሌንሱ 490 ግራም፣ ተደምሮ 1 ኪሎ ከሩብ ነው። በሚኒባስ ወደ ፒያሳ ስወርድ እንደ ሕፃን ታቅፌው ነው የምሄደው።

ስልክሽ አይበቃሽም ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። ለሯጮቹ አይበቃኝም፣ ሩቅ ናቸው፣ አጉልቼ ሳነሳ ይፈርሳል። የትኛውን ትሉኛላችሁ?

ሰርግ አንሺ ከለገጣፎ

እህቴ ዲ7200ን አስመጪ። ምክንያቱን ልንገርሽ።

የኢክሰስሽ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) 6.17 በ4.55 ሚሊሜትር ነው፣ የትንሿን ጣት ጥፍር ቢያክል ነው። የዲ7200 ደግሞ 23.5 በ15.6። ስፋቱን አባዝተሽ ብታዪው 13 እጥፍ ይሆናል። ሜጋፒክሰላቸው ግን 20 እና 24 ነው፣ ያን ያህል አይራራቁም። ያንኑ ያህል እንግዳ በአንዲት ጠባብ ክፍልና በትልቅ ድንኳን ውስጥ እንደማስተናገድ ቁጠሪው። ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚደርሰው ብርሃን ስለሚያንስ ነው ትንሿ ጨለማ ሲሆን ነጠብጣብ የምታበዛው። በዛ ላይ ሙሉ ዙም ስታደርጊያት አፐርቸሯ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ ከ3.2 ወደ 6.9 ይጠባል (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፣ የሚገባው ብርሃን ከሩብ ያንሳል ማለት ነው። በጭጋግ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ሩቅ ያለ ሯጭ፣ በዚያች ካሜራ? አትድከሚ።

ቁልፉን ከተጫንሽ በኋላ ወዲያ ወዲህ የምትለው ደግሞ ተበላሽታ አይደለም፣ አሠራሯ ነው። ሌንሷን ወደፊት ወደኋላ እያለች ምስሉ የቱ ጋ እንደጠራ ትፈልጋለች። ዲኤስኤልአር ውስጥ ከመስታወቱ ስር ለፎከስ ብቻ የተሠራ ሌላ ሴንሰር አለ፣ ሌንሱ ወዴትና ምን ያህል መዞር እንዳለበት በአንዴ ይነግረዋል። ዲ7200 51 የፎከስ ነጥብ አለው፣ በሰከንድ 6 ፎቶ ያነሳል። ልጁ ወደ አንቺ እየሮጠ ሲመጣ ተከትሎት ይመጣል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው የካርዱ ነገር ነው። ዲ7200 ሁለት ካርድ ይይዛል። አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሪት ከቤት ስትወጣ፣ ዘመድ እያለቀሰ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ ሁሉንም አነሳሁ። ማታ ቤት ገብቼ ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ብሰካው አልከፍት አለ። ጉልበቴ ነው የከዳኝ። ደግነቱ ሁለተኛው ካርድ ላይ ግልባጩ ሙሉ በሙሉ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ካርድ ብቻ በሚይዝ ካሜራ የሰው ሰርግ አንስቼ አላውቅም።

ባትሪውም እንደዚያው ነው። በፋብሪካው መለኪያ ዲ7200 በአንድ ቻርጅ 1,110 ፎቶ ያነሳል፣ ኢክሰስሽ 210። መብራት እንደልብ በማይገኝበት ሰፈር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የቡራዩዋ

እኔ አርኤክስ100ን ይዤ ነው የምዞረው፣ ስለዚህ ለሷ ልናገርላት።

ከላይ የጻፈው ወንድሜ ስለ ኢክሰሷ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ግን ምርጫው እኮ በኢክሰስና በዲ7200 መካከል አይደለም! አርኤክስ100 ሌላ ነገር ናት። ሴንሰሯ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው፣ የኢክሰስን 4 እጥፍ። ከዲ7200 በ3 እጥፍ ያንሳል፣ እሺ። ግን ሌንሷ ሳይጎላ 1.8 ላይ ይከፈታል፣ የዚያኛው 18-140 ደግሞ ከ3.5 በላይ አይከፈትም። ይህ ወደ 4 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ፣ አያትሽ ጎን ቁጭ ብለሽ፣ ሳታጎዪ ስታነሺ በሴንሰሩ ያጣሽው በሌንሱ ይመለስልሻል። ጨለም ያለ ጎጆ ውስጥ በከሰል ፍምና በአንዲት መስኮት ብርሃን ብቻ ያለ ፍላሽ አንስቼባታለሁ፣ ያምራል። ክብደቷ ከነባትሪዋ 240 ግራም ነው። ሮውም (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) ታነሳለች፣ ኢክሰስሽ ግን ጄፔግ ብቻ ነው የምትሰጥሽ።

ስለ አያትሽ የጻፍሽው አንጀቴን በላው። የኔም እናት እንደዚያ ነበረች። ትልቅ ካሜራ ሲያዩ ሰዎቻችን ለፎቶ ይዘጋጃሉ፣ ለፎቶ የተዘጋጀ ፊት ደግሞ የሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ትንሽ ካሜራ ስትይዢ ወሬያቸውን አያቋርጡም።

ሌላም አለ። አንድ ምረቃ ላይ ትልቁን ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ልጅ ከፊቴ ተሰልፎ ነበር። ፍተሻው ጋ ሲደርስ «ፈቃድ አለህ? ከየት መጣህ?» ተባለ። እኔ ገብቼ፣ እህቴ ጋውኗን ለብሳ ስትስቅ አንስቼ ስወጣ እሱ እዚያው ቆሞ ነበር። የእህቱን ምረቃ ሊያነሳ የመጣ ልጅ ነው እኮ! አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ለገና ሌሊትም አስቢ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ጧፍ ይዞ፣ ማኅሌቱ ሲቆም፣ የዲኤስኤልአር መስታወት «ቀጭ» ሲል ዙሪያሽ ያለው ሁሉ ዞሮ ያይሻል። አርኤክስ100 ድምፅዋን ስታጠፊው አትሰማም። ቀድመሽ አስፈቅጂ፣ ፍላሽ ደግሞ በየትኛውም ካሜራ አታብሪ።

ሰርግ አንሺ ከለገጣፎ

ስለ ሌንሱ ያልሽው ትክክል ነው፣ እሱን አልዘለልኩም ማለት አልችልም። ግን የዲ7200 ሌንስ ይፈታል። 35 ሚሊሜትር፣ 1.8 የሚከፈት የኒኮን ሌንስ አለ፣ 200 ግራም ብቻ ነው። እሱን ስትሰኪበት ያ የሌንስ ብልጫ የለም፣ ትልቁ ሴንሰር ደግሞ እንዳለ ነው። ካሜራውም በጣም ያንሳል፣ አያትየውም እንደዚያኛው አይፈሩትም።

ደግሞ አርኤክስ100 ስታጎዪው በ35 ሚሊሜትር ፊልም ስሌት 100 ሚሊሜትር ላይ ያቆማል። 18-140 በዲ7200 ላይ በዚያው ስሌት 210 ይደርሳል፣ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። መምህርት የጠየቀችው በዋናነት ስለ ሯጮቹ መሰለኝ።

መስታወቱ ስለሚያሰማው ድምፅ ግን አልከራከርሽም። ዲ7200 ላይ ድምፅ የሚቀንስ ኪው የሚባል ሞድ አለ፣ ያም ሆኖ ቅዳሴ ላይ ይሰማል።

ካሜራ ጠጋኝ

ሁለታችሁም ጥሩ ብላችኋል። እኔ በየቀኑ ከፍቼ የማየውን ልናገር።

የኪስ ካሜራ በአብዛኛው ወደ እኔ የሚመጣው ሌንሱ ወጥቶ አልገባም ብሎ ነው። ሲበራ የሚወጣ፣ ሲጠፋ የሚገባ ሌንስ ስስ ጥርሶች አሉት። በከተማው ዳር ደግሞ አቧራ አለ፣ ፒስታ መንገድ አለ፣ ግንባታው አያልቅም። ካሜራዋ ኪስ ውስጥ የዳቦ ፍርፋሪና የልብስ ብናኝ ትሰበስባለች። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባች «ግርርር» ትልና ትቆማለች። አቧራው አልፎ ሴንሰሩ ላይ ካረፈ ደግሞ ሙሉውን መፍታት ነው፣ ብዙ ጊዜ የጥገናው ዋጋ ካሜራዋን አያዋጣም። መምህርት፣ ኢክሰሷን በባዶ ኪስ አትያዢያት፣ ትንሽ ከረጢት ስፊላት።

ዲኤስኤልአርም አቧራ ይገባበታል፣ ሌንስ ሲቀየር። ግን እሱ ይጸዳል። ሌንስ ስትቀይሪ ቦዲውን ወደ ታች ድፊው፣ ንፋስ ላይ አትቀይሪ።

አክስትሽ ከመግዛቷ በፊት እነዚህን ታይልሽ። የሸተሩን ቁጥር፣ ማለትም ካሜራው ስንት ፎቶ እንዳነሳ፣ ትጠይቅ። ዲ7200 ለ150,000 ጊዜ የተፈተነ ነው፣ 30 ወይም 40 ሺህ ላይ ያለ ከሆነ ገና ብዙ ይቀረዋል። ከዚያ አፐርቸሩን 16 ላይ አድርጋ ሰማይ ታንሳ፣ ጥቁር ነጥቦች ከታዩ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። ጥቂት ከሆነ አያሳስብም። ሌንሱን ደግሞ በስልክ መብራት ከኋላ አብርታ ትየው። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካለበት ፈንገስ ነው፣ ያንን ሌንስ አትግዛ።

ሱሉልታ ብርድ ነው። ከውጭ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቢ ካሜራውን ወዲያው አታውጪው፣ መስታወቱ ላብ ይይዛል። ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ካነንና ኒኮን ፊታቸውን ወደ መስታወት አልባዎቹ ካሜራዎች ካዞሩ ቆይተዋል፣ ትልቅ ሴንሰር ያላቸውን እ.ኤ.አ. በ2018 ነው ያወጡት። ይሄ ግን አያስፈራሽ። ኒኮን ይህን የሌንስ ማሰሪያ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፣ የሌንስ ችግር የለብሽም። ዲ7200 ውስጡ የፎከስ ሞተር ስላለው አንዳንድ ሌሎች ቦዲዎች ላይ በእጅ ካልሆነ የማይሠሩ፣ የራሳቸው ሞተር የሌላቸው የቆዩ ኤኤፍ ሌንሶችን ራሱ ያዞራቸዋል። ሰው መሳቢያ ውስጥ ጥሎ የረሳው 50 ሚሊሜትር ሌንስ ብታገኚ ይዘሽልኝ ነይ፣ አጸዳልሻለሁ።

የሱሉልታዋ መምህርት

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የቡራዩዋ፣ አርኤክስ100 እንደዚህ መሆኗን አላውቅም ነበር፣ ከኢክሰሴ ጋር አንድ ላይ ጨፍልቄ ነው ያየኋት። የሌንሱን ስሌት ስታስረጂኝ ልቤ ወደሷ ሄዶ ነበር። ግን ሜዳው ላይ ወጥቼ ደግሜ አየሁት፣ ልጆቹ ሩቅ ናቸው። ወደነሱ ልጠጋ ብል ልምምዳቸውን አበላሻለሁ፣ አሠልጣኛቸውም አይወድም።

ስለዚህ ለአክስቴ ዲ7200ን አልኳት። የሸተሩን ቁጥር ጠይቂ፣ ሰማይ አንሺ፣ ሌንሱን በመብራት እዪ ብዬ ጽፌላታለሁ። 35ቷንም ካገኘች ትጨምርልኛለች። ኢክሰሷን አልሸጥም። ለአያቴ እሷው ትቆይ፣ ለክፍል ፎቶም ትሻለኛለች፤ 50 ልጅ በአራት ረድፍ ሲቆም ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ሁሉም ጥርት ብሎ ይወጣል። በትልቁ ስሞክር የኋላው ረድፍ ብዥ ብሎብኝ ነበር።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ለሯጮቹ ካሜራውን በምን ላይ ላድርገው?

ሰርግ አንሺ ከለገጣፎ

የኋላው ረድፍ ብዥ ያለው አፐርቸሩን ስለከፈትሽው ነው፣ 8 ላይ አድርጊው፣ ይጠራል።

ለሯጮቹ የሸተሩን ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ አድርጊ፣ ፎከሱን ኤኤፍ-ሲ (የሚንቀሳቀሰውን የሚከተለው) ላይ። አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ንቃት) በጠዋቱ ጭጋግ እስከ 3200 ልቀቂው፣ ነጠብጣብ ቢኖረውም ከብዥታ ይሻላል። ከጎን ሳይሆን ከፊት ለፊት ቁሚ፣ ፀሐይዋ ከኋላቸው ስትወጣ። ዝቅ ብለሽ፣ ከተቻለ በጉልበትሽ ተንበርክከሽ። ያኔ ያ ትንፋሽ ወርቅ ሆኖ ይታይልሻል።