የመስታወት ፓርቲሽን ነቅሎ አዲስ ቢሮ ላይ መግጠም ይቻላል?

ጠያቂዋ

ሰላም ለሁላችሁ። መሥሪያ ቤታችን በሁለት ወር ውስጥ ሌላ ሕንፃ ሊገባ ነው፤ ዝውውሩን የማስፈጽመው እኔ ነኝ። አሁን ያለንበት ፎቅ ላይ 14 የመስታወት ፓርቲሽኖች አሉ። ስፋታቸው 90 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመታቸው 2.40 ሜትር፣ ውፍረታቸው 10 ሚሊ ነው፤ ፍሬማቸው አሉሚኒየም። ከተገጠሙ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ጭረት እንኳ የለባቸውም። ሁለት የስብሰባ ክፍሎች ደግሞ በጂፕሰም ቦርድ የተከፈሉ ናቸው።

አዲሱን ቢሮ የሚሠራልን ድርጅት «መንቀሉ ጣጣ ነው፣ ሰባብረን እንጣለውና በአዲስ እንሥራው» አለን። እኔ አላስችል አለኝ። ምንም ያልሆነ መስታወት በመዶሻ ሲመታ ቆሜ ልይ? አለቆቼን ለማሳመን ግን ማዘኔ ብቻ አይበቃም። የአዲሱ ቢሮ ኮርኒስ 2.70 ላይ ነው፣ መስታወቶቹ አይደርሱም። ምኑ ይተርፋል? በእጃችሁ የሠራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

መስታወት ገጣሚው

እህቴ፣ አላስችል ማለትሽ ልክ ነው። አሉሚኒየምና መስታወት ስገጥምም ስፈታም 17 ዓመቴ ነው፤ የእናንተ ፓርቲሽን የሚፈታ ዓይነት ነው።

መጀመሪያ የእያንዳንዱን መስታወት ማእዘን ዝቅ ብለሽ እዪው። ትንሽ ማኅተም ካለበት ቴምፐርድ፣ ማለት በሙቀት የጠነከረ መስታወት ነው፤ ቀሪውን ሁሉ የሚወስነው ይሄ ነው። ቴምፐርድ የሚሠራው ከ600 ዲግሪ በላይ ሞቆ በአየር ድንገት እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ ነው። ከዚያ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። ጀማሪ ሳለሁ አንድ አሠሪ «ለእጀታ አንዲት ቀዳዳ ብቻ» ብሎኝ ድሪሉን አስጠጋሁት። እንደ ጥይት ጮኸ። ሙሉው መስታወት የበቆሎ ፍሬ የሚያካክል ስብርባሪ ሆኖ ጫማዬ ላይ ተከመረ።

ስለዚህ መስታወቱን ለቢሮው ሳይሆን ቢሮውን ለመስታወቱ ነው የምታስተካክሉት። ንድፉ ሳይጀመር ልኩን ለአርክቴክቱ ስጪው። 14ቱ ሲሰለፉ 12.60 ሜትር ይሆናሉ፤ በሩ የት ይሁን፣ ክፍሉ ስንት ይሁን የሚለው ከዚህ ይነሣ። ንድፉ ካለቀ በኋላ ከመጣችሁ አንዱ ቦታ በአራት ሳንቲም ይጠብባል፣ ሌላው ይሰፋል፤ ጣጣው የሚመጣው ያኔ ነው።

የ30 ሳንቲሙ ነገር አያስጨንቅሽ። ከላይ ክፍተቱን የሚሞላ አጭር ግድግዳ፣ ግንባር የምንለው፣ በጂፕሰም ይሠራና የፍሬሙ የላይኛው አሉሚኒየም እሱ ላይ ይታሠራል። ግንባሩ ግን ኮርኒሱ ላይ እንዳይቆም፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለው የኮንክሪት ሶሌታ ድረስ ወጥቶ ይያዝ። አለዚያ ይነቃነቃል፣ ድምፅም ከኮርኒሱ በላይ ዞሮ ይገባል።

ሲፈታ ሲሊኮኑ በቢላ ይቆረጣል፣ ጎማው ይወጣል፣ መስታወቱ በቫኩም መያዣ ይነሣል። 10 ሚሊ መስታወት በካሬ ሜትር 25 ኪሎ ስለሚመዝን የእናንተ አንዱ 54 ኪሎ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይሞክረው። ሲቀመጥ እንጨት ላይ፣ ቆሞ፣ በየመካከሉ ካርቶን ገብቶ። ባዶ ሲሚንቶ ላይ በፍጹም! የቴምፐርድ ፊቱ ብዙ ይችላል፤ ጠርዙን ግን አንዲት ጠጠር ትጨርሰዋለች። ቁጥር ጻፉበት፣ ያንኑ ቁጥር ፍሬሙም ላይ።

ጎማውን ተዉት። ከስድስት ዓመት በኋላ ደርቆ ድምፅ ያሳልፋል፤ አዲስ ግዙ።

የሕንፃ መሐንዲሷ

የጂፕሰም ቦርዱን ነገር እኔ ልጨምር። ብሎኑ በስቱኮ ስለተደፈነ ሙሉውን አይወጣም። የውስጡ ብረት ግን ከጠመዘዛችሁት ሳይሆን በካቻቪቴ ከፈታችሁት እንደገና ይሠራል። ስብርባሪውን ከሌላ ቆሻሻ ጋር አትቀላቅሉት፤ ከሚበሰብስ እርጥብ ነገር ጋር ሲቀበር ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ለአለቆችሽ ደግሞ ይሄን ንገሪያቸው። አሉሚኒየምን ከማዕድኑ ከማምረት ይልቅ ያለውን አቅልጦ መሥራት 95 በመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባል። ነቅሎ መግጠም ማቅለጡንም ያስቀራል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሁሉም ምሳ ሲወጣ ተንበርክኬ አንድ በአንድ አየሁ። 12ቱ ላይ ማኅተም አለ። በበሩ አጠገብ ያሉት ሁለቱ ግን የላቸውም፤ በጠርዛቸው በኩል ሳያቸው መሃላቸው ላይ ቀጭን መስመር አለ።

መስታወት ገጣሚው

መስመሩ የፕላስቲክ ሽፋን ነው፤ ሁለት መስታወት ተጣብቆ ላሚኔትድ ሆኗል ማለት ነው። ማኅተሙ ፍሬሙ ውስጥ ተደብቆ እንዳይሆን ሲፈታ ጠርዙን አስፈትሺ። በእርግጥ ቴምፐርድ ካልሆነ የሚያውቅ ቆራጭ ይቆርጠዋል። ስለዚህ እነዚያን ሁለቱን መጨረሻ ላይ ግጠሟቸው፤ 12ቱ ቆመው ካለቁ በኋላ ግድግዳው ጋ የሚቀረውን ክፍተት ለክታችሁ በእነሱ ትሞሉታላችሁ።