ባጃጅ ከሐዋሳ ዋና ጎዳናዎች ይውጣ ወይስ ይቆይ?

የታቦር ልጅ፦
ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ባጃጅ ከዋና ጎዳና ወጥቶ ውስጥ ለውስጥ ብቻ ይሥራ የሚሉ አሉ። የለም፣ ባጃጅ ከሌለ ከተማው ይቆማል የሚሉም አሉ። እስቲ እንነጋገርበት። የኔ ሐሳብ መሀል ላይ ነው። ባጃጁ ይቆይ፣ ግን የጎዳናው ጠርዝ ለሳይክል ብቻ ይከለል፤ እዚያ ጠርዝ ላይ ቆሞ መጫንም ማውረድም ይቅር። ከተማችን ሜዳ ናት። ታቦርና አላሙራ ላይ ካልወጣህ በቀር ዳገት የሚባል ነገር አያጋጥምህም። አዲስ አበባ ላይ ሳይክል የሚነዳ ሰው ሽቅብ ሲወጣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ እኛ ጋ ግን ከፒያሳ ፍቅር ሐይቅ ድረስ ማርሽ ሳትቀይር ትደርሳለህ። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ አንድ ቦታ አይደለም። ዋናው ግቢ ሌላ ነው፣ ግብርና ሌላ፣ ሪፈራል ያለበት የሕክምናው ግቢ ሌላ። ተማሪ መኪና የለውም። ወይ በእግሩ ይሄዳል ወይ ለባጃጅ ይከፍላል።

ባለ ሦስት እግር፦
ወንድሜ፣ እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ጠርዝ ላይ አትቁሙ ማለት ቀላል ነው፤ የት ልቁም ታዲያ? ተሳፋሪው «ወራጅ አለ» ካለ እዚያው መውረድ ነው የሚፈልገው፣ ትንሽ ካሳለፍኩት ይቆጣል። ባጃጁ የኔ አይደለም። ማታ ለባለቤቱ የቀን ገቢ አስገባለሁ፣ ቤንዚን የምሞላው እኔ ነኝ፣ ማደያ ሰልፍ ላይ የዋልኩበትን ሰዓት ግን ማንም አያስብልኝም። ከዋናው መንገድ ብታስወጡኝ ደግሞ ሰው ያለው እዚያው ዋናው መንገድ ላይ ነው። ውስጡ ኮብልስቶን ነው፤ ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ስትመላለስ ጎማም አሞርዛተርም አይተርፍልህም። ሳይክል አልጠላም። ግን እንጀራዬን ነው እየነካችሁ ያላችሁት።

አራተኛ ዓመት፦
ሁለታችሁም ስለ ቀን ነው የምታወሩት። እኔ ውጪ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ቤተ መጻሕፍት አምሽቼ ስወጣ መብራት በሌለው መንገድ በሳይክል ሂጂ ብትሉኝ አልሄድም። ባጃጅ በሬ ድረስ ያደርሰኛል፣ ለዚህ አመሰግናለሁ። ግን ልክ ሲመሽ «ኮንትራት ካልሆነ አልሄድም» ይመጣል። ቀን ለአራት የምንከፋፍለውን መንገድ ማታ ብቻዬን ችዬ እከፍላለሁ። ቀንም ቢሆን ሴት ልጅ ሳይክል ላይ ስትታይ የሚያፏጨው፣ ከኋላ ተጠግቶ ክላክስ የሚያደርገው ብዙ ነው። ጓደኛዬ አንድ ሰሞን ሞክራ በዚህ ምክንያት ተወችው። ሌላም አለ። ሳይክሉን የት ነው የምቆልፈው? ግቢ ውስጥም፣ ካፌ በር ላይም፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍም ማሰሪያ ብረት የለም። ዛፍ ላይ አስሬ ክፍል ገብቼ ልቤ ውጪ ሊቀር ነው።

ጡረተኛ መምህር፦
ልጆቼ፣ ግቢዎቹ ለምን እንደተበታተኑ ብታውቁ ጥሩ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ሲመሠረት የሐዋሳ ግብርና ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅና የዲላው ኮሌጅ ተዋህደው ነው። እያንዳንዱ በየራሱ ጊዜ፣ በየራሱ ቦታ የተሠራ ነው። ተማሪ ከአንዱ ወደ አንዱ ይመላለሳል ብሎ መንገዱን ያቀደ ሰው አልነበረም። ያኔ ግን ችግሩ አይሰማንም ነበር፣ ምክንያቱም መምህሩም ተላላኪውም ነጋዴውም በሳይክል ነው የሚሄደው። ባጃጅ ሲበዛ ሳይክሉ ከመንገዱ ተገፋ። ነጂዎቹን አልወቅስም፣ ሥራ ያጣ ወጣት ሥራ ነው ያገኘው። ትራንስፖርት ሚኒስቴር እኮ በ2012 ዓ.ም. የ10 ዓመት የሞተር አልባ ትራንስፖርት፣ ማለትም የእግርና የሳይክል ጉዞ፣ ስትራቴጂ አውጥቷል። ሐሳቡ ወረቀት ላይ አለ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ቀለም ብቻ ቀብተው የሳይክል መስመር ነው እንዳይሏችሁ። ቀለም ባጃጅም አያቆም፣ የቆመ መኪናም አያስነሳ። ጠርዙ ላይ የድንጋይ መለያ ይደርደርበት።

የፓርክ ሠራተኛ፦
ይቅርታ፣ ከተማው የተማሪ ብቻ አይደለም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀበት ከ2008 ጀምሮ ስንት ሴት ልጅ ከገጠር መጥታ እዚህ እየሠራች ነው። አብዛኞቻችን ልብስ ስፌት ላይ ነን፣ ቤት ተጋርተን ነው የምንኖረው። እኔ ሳይክል የመግዣ ገንዘብ የለኝም። ሰርቪስ አስፋልት ላይ ያወርደኛል፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ ነው። የእግረኛ መንገዱ ላይ ደግሞ ሱቁ ዕቃውን ዘርግቶበታል፣ ጀበና ቡናው ወንበሩን ደርድሮበታል፣ ያልተከደነ ቱቦም አለ። ዝናብ ሲጥል ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ የምሻገረው ቦታ አለ። ስለዚህ ሳይክሉም ባጃጁም ይሁን፤ መጀመሪያ ግን መራመጃ ስጡን።

የታቦር ልጅ፦
እህቴ ትክክል ነሽ። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትም ገብቶኛል፣ ቀለም ብቻውን አይበቃም። እኔ ግን አሁንም አንድ ነገር ላይ አልስማማም። ሳይክል መጀመሪያ ሰው ይልመደውና መስመሩ በኋላ ይሠራ የሚሉ ሰዎች አሉ። ሰው የማይነዳው ስለሚፈራ ነው። ከባጃጅና ከአይሱዙ መሀል ልጁን በሳይክል የሚልክ ወላጅ የት አለ? መስመሩ ይቅደም፣ ከመስመሩ ጋር የመንገድ መብራትና መቆለፊያ ብረት ይምጣ። የቱ ጎዳና ይጀመር ከተባለ ከዋናው ግቢ ወደ ፒያሳ የሚወስደው ይሁን።

ባለ ሦስት እግር፦
እሱ ላይ እንስማማለን። የባጃጅ ማቆሚያ ከመስመሩ ውጪ ተሠርቶ ምልክት ከተተከለ እኔ መስመሩ ውስጥ አልገባም፣ የገባም ይቀጣ። የማታው ዋጋ ግን የነጂው ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ገቢውን ካልቀነሰ እኔ ከየት አምጥቼ ነው በቀን ዋጋ የምሠራው? በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ላነሳው እችላለሁ፣ ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባም።

አራተኛ ዓመት፦
አንሳው ወንድሜ። የማታ ታሪፍ ከቀኑ ቢበልጥም እከፍላለሁ፣ ግን በቁጥር ተጽፎ ባጃጁ ውስጥ ይለጠፍ። በጨለማ ቆሜ መከራከሩ ነው የሰለቸኝ።