ዳገታማ ጫካ ውስጥ አጋዘን ማደን፦ ነፋሱን እንዴት ትይዙታላችሁ? ቁጥሩንስ የቀነሰው ካዮቲ የሚባለው ቀበሮ መሰል አውሬ ነው?

ጠያቂ (የማናሳሱ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። የማድነው ደግሞ ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ፣ ምዕራብ በኩል ነው። ቦታው አቀበትና ገደል ነው። አጋዘኖቹ ገና ሳላያቸው ያሸቱኝና ጅራታቸውን ሰቅለው ይሮጣሉ። እኛ ሰፈር እኮ የጎረቤት አበባ ሲበሉ ነው የሚያድሩት፤ ተራራው ላይ ግን የሉም ማለት ይቻላል። እዚያ የማገኛቸው አዳኞች ሁሉ «ካዮቲና ድብ ጨረሷቸው» ይላሉ። እውነት ነው? ካዮቲ ባድን ለውጥ ያመጣል? ነፋሱንስ ምን ላድርገው?

ጋሽ ተረተር፦
ወንድሜ፣ ከነፋሱ ልጀምር። ተራራ ላይ አየር የሚሄደው እንደ ፀሐይዋ ነው። ሌሊት የቀዘቀዘ አየር ይከብድና ቁልቁል ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው ደግሞ ሽቅብ ይነሳል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ከላይ ከተቀመጥክ ሽታህ ታች ላለው ሁሉ ይደርሳል። ረፋድ ላይ ከታች ከቆምክ ደግሞ ላይ የተኛው ያውቅሃል።

አጋዘን ቀን የሚተኛው ብዙ ጊዜ ከተረተሩ ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ነፋሱ ከኋላው ይመጣለታል፣ ዓይኑ ቁልቁል ያያል። ከታች ብትወጣ በዓይኑ፣ ከላይ ብትመጣ በአፍንጫው ይይዝሃል። የሚያዋጣው በጎን መግባት ነው። እኔ በጨለማ በጎን እገባና ፀሐይ ተዳፋቱን ስትመታ ከእነሱ ከፍ ብዬ ለመገኘት እሞክራለሁ። ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ የሕፃን ፓውደር ያዝ፤ ጫን ስታደርጋት የምትወጣው ብናኝ ወዴት እንደምትሄድ እያት። ፊትህ ላይ የማይሰማህን ነፋስ እሷ ታሳይሃለች።

ለመቀመጫ በሁለት ጋራ መሃል ዝቅ ያለውን ኮርቻ፣ ወይም ዳገቱ ወገብ ላይ እንደ እርከን የተዘረጋውን ጠባብ ሜዳ ፈልግ። እንደ እኛው፣ አጋዘንም ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። መሬቱ ላይ ኦክ የሚባለውን ዛፍ ፍሬ እየው፤ ቅርፊቱ አዲስ የተሰበረ፣ ቅጠሉም የተገለባበጠ ከሆነ እዚያው ነው የሚበሉት።

አንድ ነገር አደራ። ጫፉ ላይ፣ ከኋላው ሰማይ ብቻ የሚታይ አጋዘን ላይ አትተኩስ። ጥይቱ ማዶ ማን ላይ እንደሚያርፍ አታውቅም።

ሸናንዶዋ፦
ስለ ካዮቲው እኔ ልመልስ። ግልገል ይበላል፣ ይህ አያከራክርም። ፔንሲልቬንያ ውስጥ በ2000 እና በ2001 ለ218 ግልገሎች የሬዲዮ ማሰሪያ ተደርጎ ክትትል ተካሂዶ ነበር። ከሞቱት ውስጥ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን የገደሉት አውሬዎች ናቸው። ድብ የገደለው ካዮቲ ከገደለው ብዙም አያንስም። አደጋው የሚበዛው ግልገሉ ገና ሳርና ቅጠል ውስጥ ተደብቆ በሚተኛባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። እኛ ጋ ባዝ እና ሮኪንግሃም በሚባሉት ካውንቲዎች ውስጥ በተደረገ ጥናትም የካዮቲ፣ የቦብካት (የዱር ድመት) እና የድብ ዓይነ ምድር ውስጥ አጋዘን ተገኝቷል። ዓይነ ምድሩ ግን ገድሎ ይብላ፣ ሞቶ አግኝቶ ይብላ አይነግርህም።

አሁን ራስህን ጠይቅ። አንተ ሰፈርም ካዮቲ አለ። ታዲያ እዚያ አጋዘኑ ለምን ተረፈ? ምግብ ስላለው ነው። ተራራው ላይ ያለው ደን አብዛኛው ያረጀ ነው። ዛፎቹ ከላይ ገጥመው ፀሐይ አያሳልፉም፣ ከሥር አጋዘን የሚደርስበት ቅጠል የለም። ድሮ እንጨት ይቆረጥ ስለነበር ለጋ ቁጥቋጦ ይበቅል ነበር፤ ዛሬ የሚቆረጠው ጥቂት ነው። የኦክ ፍሬ ባልያዘበት ዓመት ደግሞ እናቲቱ ከስታ ትከርማለች። መደበቂያ ቁጥቋጦ የሌለው ግልገልም ቶሎ ይገኛል። አውሬው የሚጎዳው ምግብ በሌለው ደን ውስጥ ያለውን አጋዘን ነው፤ ጠግቦ የሚወልደው መንጋ ኪሳራውን ይተካል።

ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ለሦስት ዓመት ካዮቲ እየተያዘ ተወግዶ ነበር። በሕይወት የሚተርፈው ግልገል የጨመረው ግን በጥቂቱ ነው። ባዶውን ቦታ ሌላ ካዮቲ መጥቶ ይሞላዋል። አንተ በዓመት አንድ ሁለት ብትመታ ለውጥ አይመጣም።

ጠያቂ፦
ወይ ጉድ፣ እንደዚያ አላሰብኩትም። እሺ፣ ለጋ ደኑን ከየት ላግኝ?

እህታችሁ ከሮአኖክ፦
እኔ ስለ ሥጋው ብቻ ልናገር። የጠመንጃው ወቅት ኅዳር ላይ ይከፈትና ወዲያው የነቢያት ጾም ይገባል። ስለዚህ ቶሎ በልታችሁ፣ ለገና ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ስብ ስለሌለው ጥብሱ ቶሎ ይደርቃል፤ ቅቤ በደንብ ጨምሩበት። ለቋንጣ ግን የሚያህለው የለም። ጥሬውን፣ ክትፎም ቢሆን፣ እባካችሁ አትብሉ። የዱር ሥጋ ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ ሊኖረው ይችላል፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት አደራ። ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ የአጋዘን አንጎል የሚጎዳው ሲደብሊውዲ የሚባለው በሽታ ተገኝቷል። በሽታው ባለባቸው ካውንቲዎች ያደናችሁትን አስመርምሩ፤ ጭንቅላቱንና አከርካሪውን ከካውንቲ ካውንቲ ይዞ መሄድም የራሱ ደንብ አለው።

ጋሽ ተረተር፦
ለጋውን ደን በሳተላይት ካርታ ታገኘዋለህ። በትልቁ ደን መሃል ቀለሙ የፈካ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ቁራጭ ካየህ እንጨት የተቆረጠበት ነው። የደን አገልግሎት ቢሮ ብትደውልም የት እንደተቆረጠና ሆን ተብሎ የት እሳት እንደተለቀቀ ይነግሩሃል። መሃሉ ውስጥ አትግባ፣ ጥቅጥቅ ስለሚል ምንም አታይም። ጠርዙ ላይ፣ አሮጌው ኦክ ከአዲሱ ቁጥቋጦ ጋር በሚገናኝበት፣ ነፋሱን በጎን አድርገህ ተቀመጥ። ሌሎች አዳኞች እንዲያዩህ ብርቱካናማ ልብስህን እንዳትረሳ።