የእንግሊዝኛው «ኮፊ» ከ«ከፋ» የመጣ ነውን?

ጠያቂያችን «ኮፊ» የሚለው ቃል ከከፋ ምድር ስም የተወሰደ ስለ መሆኑ አስተያየት እንድንሰጥ ጠይቀዋል። ሐሳቡ በሀገራችን እጅግ የተለመደ ነው፤ የቡናው ተክል መገኛ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑም ያግዘዋል። ይሁን እንጂ የተክሉ አገር አንድ ጉዳይ ነው፣ የቃሉ ዘር ደግሞ ሌላ፤ እኔ በበኩሌ በቃሉ ረገድ «ከከፋ የመጣ ነው» የሚለው ወገን የሚያሸንፍ አይመስለኝም።

ሁለቱን ቃላት የሚያመሳስላቸው «ፈ» ነው። ነገር ግን ይህ ድምፅ ወደ ቃሉ የገባው ዘግይቶ ነው። ዓረብኛው «ቀህዋ» ይላል፤ ቱርክኛ «ዋ»ን ወደ «ቬ» ለውጦ «ካህቬ» አለው፤ ጣልያንኛው «ካፌ» እና የኔዘርላንዶቹ «ኮፊ» ከዚያ የተከተሉ ሲሆኑ፣ እንግሊዞችም የዛሬውን አጠራር ያገኙት በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1598 በእንግሊዝኛ ታትሞ በወጣ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ መጠጡ ሲጠቀስ አጻጻፉ ገና ለዓረብኛው የቀረበ ነበር፤ «ፈ» የለበትም። ስለዚህ ከከፋ ጋር ያለው መመሳሰል የተፈጠረው ቃሉ አውሮፓ ከደረሰ በኋላ ነው ማለት ነው።

«ቀህዋ» ራሱም ከቡና ይቀድማል። መጠጡ በ15ኛው መቶ ዘመን በየመን ሱፊዎች ዘንድ ከመለመዱ በፊት ቃሉ የወይን ጠጅ ስም ነበር፤ የጥንት የዓረብ መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም ወይን እንዲህ የተባለው የምግብ ፍላጎትን ስለሚቀንስ ነው ብለው ተርጉመውታል። በእኛ ዘንድ ነገሩ በተቃራኒው ሄዷል፦ «ቡና ቤት» ብለን የሰየምነው ቦታ ዛሬ በአብዛኛው ቢራና አረቄ የሚሸጥበት ሲሆን፣ ቡናውን ለመጠጣት የሚፈልግ ሰው «ካፌ» ይገባል።

ከሁሉ የበለጠ ክብደት የምሰጠው ማስረጃ ግን የከፋ ሕዝብ የራሱ አነጋገር ነው። በከፍኛ ቡና «ቡኖ» ይባላል፤ በአማርኛና በኦሮምኛ «ቡና» እንደምንለው፣ ዓረቦችም ፍሬውን «ቡን» ይሉታል። የባሕር ማዶ ነጋዴ ከእኛ የወሰደው ቃል ቢኖር ይህን ይመስላል እንጂ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ለመጠጡ የማይጠሩበትን የአገር ስም አይመስልም።

በእርግጥ «የከፋ ስም በየመን ይሰማ ስለ ነበር ዓረቦች የወይኑን ቃል ወደ ቡና እንዲያዞሩ ገፋፍቷቸዋል» የሚሉ አሉ። ይህ ሊሆን አይችልም ብዬ በሩን አልዘጋም፤ ሆኖም ዓረብኛ «ከ»ም «ፈ»ም ያለው ቋንቋ በመሆኑ፣ «ከፋ»ን ሰምቶ በ«ቀ» እና በ«ወ» የሚጽፍበት ምክንያት አይታየኝም። ይህን ሐሳብ የሚደግፍ አንባቢ «ፈ» ያለበት ጥንታዊ የዓረብኛ አጻጻፍ ቢያሳየን ክርክሩ መልኩን ይለውጣል።