በጀት ለጠበበበት፦ የትኛው መጠን አኳሪየም ይሻላል?

"በትንሿ ልጀምርና ቀስ ብዬ አሳድገዋለሁ" የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔ አይዋጥልኝም። ብር ካጠረ አንድን ነገር ሁለቴ መግዛት ነው የሚጎዳው። ትንሽ ታገሱና 60 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለውን በአንዴ ግዙ።

መጠኑን ለማወቅ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታን በሴንቲሜትር አባዙና ለ1000 አካፍሉ። 60 በ30 በ30 የሆነው 54 ሊትር ይወጣዋል። ጠጠርና ድንጋይ ሲገባበት ትንሽ ይቀንሳል። 10 ሊትር ላይ ግን ዓሣው ያልበላት ምግብ ብቻ ውሃውን ልታበላሸው ትችላለች። አሞኒያው (ከዓሣው ኩስና ከተረፈው ምግብ የሚወጣው መርዝ) ቶሎ ይጠራቀማል፣ ሙቀቱም ከክፍሉ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ማለትም ትንሿ ለጀማሪ ትቀላለች የሚባለው የተገላቢጦሽ ነው።

ክቧን የብርጭቆ ገንዳ እርሷት። በተለይ ለጎልድፊሽ። ጎልድፊሽ በደንብ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል፣ ተራው ዓይነት ደግሞ ከ20 ሴንቲሜትር ሊያልፍ ይችላል፣ ስለዚህ 54 ሊትሩም አይበቃውም። በ54 ሊትር እንደ ጋፒ ወይም ኒዮን ቴትራ ያሉ የትናንሽ ዓሣዎች ቡድን ያምራል። ቤታ የሚባለው ዓሣ ብቻውን ከሆነ 20 ሊትርም ይበቃዋል፤ ትንሽ ገንዳ ግዙ የምለው ለእሱ ብቻ ነው።

ረጅምና ቀጭን ሆኖ የቆመው ወይስ በቁመቱ አጭር ሆኖ የተንጣለለው? የተንጣለለው። ኦክስጅን የሚገባው ከላይ ካለው የውሃ ገጽ ስለሆነ ሰፋ ሲል ይሻላል፣ ለማጽዳትም እጅ ይደርሳል።

መስታወት ወይስ አክሪሊክ (ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ) ካላችሁ፣ መስታወት። አክሪሊክ ቀላል ነው፣ ቶሎም አይሰበርም፣ ግን በጽዳት ብቻ ይጫጫራል።

ያገለገለ ገንዳ ካገኛችሁ ደግሞ አትናቁት፣ ብዙ ብር የሚተርፈው እዚያ ነው። ማዕዘኖቹን እዩ። ሲሊኮኑ ከተላጠ ወይም መስታወቱ ጠርዙ ላይ ከተሸረፈ ተዉት። ነጭ የጨው ምልክት ግን አያስፈራ፣ በአቼቶ ይለቃል። ከገዛችሁ በኋላ ውሃ ልኩን የጠበቀ ቦታ ላይ ደረቅ ወረቀት አንጥፉበት፣ እስከ አፉ ሙሉና ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ተዉት። ወረቀቱ ከረጠበ ታውቃላችሁ።

ፊልተር ላይ ለ54 ሊትር የስፖንጅ ፊልተርና ትንሽ የአየር ፓምፕ እመርጣለሁ። ርካሽ ነው፣ በቀላሉ የሚበላሽ ነገር የለውም፣ የዓሣ ጫጩትም አይስብም። ችግሩ ፓምፑ ይንጫጫል፣ መኝታ ቤት ከሆነ ያናድዳል። ፓምፑን ከውሃው ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ ወይም ቱቦው ላይ ውሃ የማይመልስ ቫልቭ ግጠሙ፣ አለበለዚያ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ወደ ፓምፑ ሊገባ ይችላል። ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) በግምት ለአንድ ሊትር አንድ ዋት ነው፤ ክፍላችሁ ሁሌ ሞቃት ከሆነና ውሃው በ24 እና በ26 ዲግሪ መካከል ከቆየ፣ ጭራሽ አትግዙ።

ማሳደግ ከፈለጋችሁ ቀጥሎ የምጠቁመው 80 በ35 በ40 ነው፣ 112 ሊትር። ከመግዛታችሁ በፊት ክብደቱን አስቡ። ውሃው ብቻ 112 ኪሎ ነው፣ መስታወቱና ጠጠሩ ሲጨመር ተራ ጠረጴዛ አይችለውም። የመቆሚያውን ወጪ ረስተው በጀታቸው የሚፈርስባቸው ብዙ ናቸው።

ዓሣዎቹን ወደ ትልቁ ገንዳ ስታዛውሩ ዋናው ነገር አሮጌው ስፖንጅ ነው። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች በብዛት ያሉት ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ነው እንጂ ውሃው ውስጥ አይደለም፤ ስለዚህ አሮጌ ውሃ በጀሪካን መሸከም ትርፉ ድካም ነው። ስፖንጁን እርጥብ እንዳለ ወደ አዲሱ አዙሩት፣ ከአዲሱ ፊልተር ጋር ለጥቂት ሳምንታት አብረው ይሥሩ። በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፣ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድላል። ከባዶ ከጀመራችሁ ውሃው እስኪበስል፣ ማለትም እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መጠበቅ የተለመደ ነው።

54 ሊትሩን አትሽጡት። አዲስ የምትገዙት ዓሣ ከሌሎቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ለብቻው የሚቆይበት ይሁን። የገንዳውን መብራት ግን ሽጡት፣ ለዚያ ሥራ መብራት አያስፈልግም።