ስፖኪዮ ሲነቅሉ ቀርጫቸዋለሁ፣ ቪዲዮውን ለማን ልስጥ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ሐሙስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ልጄን ሳጠባ ከታች ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። መብራት ሳላበራ ወደ በረንዳ ወጣሁ። ሁለት ልጆች የቪትዝ ስፖኪዮ እየነቀሉ ነው። በስልኬ ቀረጽኳቸው። አንዱ ዞር ሲል ፊቱ ጥርት ብሎ ታየኝ። እናቱን አውቃታለሁ። ጉሊት ላይ ሽንኩርት የምገዛት ሴትዮ ናት።

መኪናው ራይድ ሠርቶ የሚያድር ጎረቤታችን ነው። ጠዋት ጠርዙ ላይ ቁጭ ብሎ ሳየው አንጀቴን በላው። እናቴ ግን «ተይ፣ ጆሮ ጠቢ እንዳትባዪ» ትላለች። አብዮት ጥበቃን ያየች ሰው ናት፣ አልፈርድባትም።

መተባበር እፈልጋለሁ፣ ስሜ እንዲወጣ ግን አልፈልግም። 991 ልደውል? ፌዴራል ፖሊስ ባወጣው አፕ ልላክ? ወይስ የብሎካችን ቴሌግራም ላይ ልለጥፈው? የቀጠናችን ፖሊስ ጥሩ ሰው ነው፣ ቤቴ ከመጣ ግን ብሎኩ በሙሉ ያያል።

መልስ 1፦
እህቴ፣ ቴሌግራሙን እርሺው። እኛ ሰፈር አምና የአንድ ልጅ ፎቶ «ሌባ» ተብሎ ተለጠፈ። ቧንቧ ሊጠግን የተጠራ ረዳት ነበር። እውነቱ እስኪወጣ ተደበደበ። ፎቶው ዛሬም ከስልክ ስልክ ይዞራል።

መልስ 2፦
ልጄ፣ አባቴ ስለ አፈርሳታ ሲያወጋን፣ አገሩ ሁሉ ይሰበሰባል፣ ሌባው ሳይታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም ይል ነበር። ያየው ሰው ግን ተነስቶ «እገሌ ነው» አይልም። ወሬው «ወፍ» በሚባል ስውር ጠቋሚ በኩል ይደርሳል። የተናገረውን መሸሸግ የቆየ ሥርዓታችን ነው። አፑም ይህን ካልጠበቀ ሰው አይልክበትም። አንቺም ስሜ ይሸሸግ ብለሽ መጠየቅ አትፈሪ።

መልስ 3፦
የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 699/2003። ግን ለከባድ ወንጀሎች የወጣ ስለሆነ እሱን ብቻ ተማምነሽ አትሂጂ። ዋናውን ቪዲዮ አትቁረጪው፣ ለጓደኛም አትላኪ። የልጅሽ ለቅሶ ከተሰማበት ከየትኛው በረንዳ እንደተቀረጸ ሁሉም ያውቃል። የቀጠናውን ፖሊስ ደውለሽ ከሰፈር ራቅ ብላችሁ ተገናኙ።

ጠያቂዋ፦
ለቅሶው አለበት፣ ልብ አላልኩትም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ «ሕፃኑ ደህና ነው?» ስትለኝ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ግን ልጇ የሰው እጅ ላይ ሳይወድቅ በሕግ ቢያዝ ለእሷም ይሻላታል። ለፖሊሱ ደውያለሁ። ነገ 4 ሰዓት ጤና ጣቢያው በር ላይ እንገናኛለን፣ የልጄ ክትባት ቀን ነው።