ጥቆማ፦ ለባለሁለት ሽቦ የስኩተር ሞተር የሚሆን ኮንትሮለር አዲስ አበባ የት ይገኛል?

የናሆም እናት፦
ሰላም ቤተሰብ። ወንድሜ ከሜሪላንድ ለልጄ ያመጣለት የኤሌክትሪክ ስኩተር ቆመ። ባትሪው ሲለካ ደህና ነው፣ ጋዝ ሲሰጠው ግን ምንም። የሰፈራችን ሠሪ «ኮንትሮለሩ ሄዷል» አለኝ፣ ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ሳጥን ማለቱ ነው። ላዩ ላይ 24 ቮልት፣ 250 ዋት ይላል። ከሞተሩ የሚወጣው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፣ ቀይና ጥቁር። ዛሬ መርካቶ ያገኘሁት ደግሞ ብራሽለስ የሚል 36 ቮልት 350 ዋት ነው፤ ወደ ሞተር የሚሄዱት ወፋፍራም ሽቦዎች ሦስት ናቸው። ሻጩ «አንዱን በናስትሮ ጠቅልለሽ ተይው፣ ይሠራል» ብሎኛል። ልግዛው? ካልሆነ የምታምኑት ሱቅ ጠቁሙኝ።

ሳሪስ፦
እንዳትገዢ።

ዳገት ገዳይ፦
ለምን አንዱን ብቻ? ሦስቱንም ብትጠቀልያቸው ባትሪ ይቆጥባል።

የአውቶብስ ተራ ልጅ፦
እኅቴ አትድከሚ። ሶማሌ ተራ ግቢና ነጭ ኮፍያ የሚያደርጉትን ሽማግሌ ጠይቂ። ከሳቸው ሱቅ የወጣ ዕቃ ተበላሽቶ አያውቅም።

ሳሪስ፦
ኮንትሮለር ገዝተህባቸው ታውቃለህ?

የአውቶብስ ተራ ልጅ፦
ኮንትሮለር አይደለም፣ የአባቴን ቪትዝ የፊት መብራት ነው። ግን ሰውየው ታማኝ ናቸው አልኩህ።

ጀሞ ሁለት፦
ታማኝ የሚባል ሱቅ የለም። ለኔ 48 ቮልት ብራሽለስ ሞተር ኮንትሮለር ገዝቼ፣ ስሙን አልጠራም፣ ቤት ገብቼ ቀለም በቀለም አገናኘሁት፤ ቢጫ ከቢጫ፣ አረንጓዴ ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ። ጋዝ ስሰጠው ጎማው እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠ፣ አጓራ፣ ቆመ። በነጋታው ይዤ ስሄድ «አቃጥለኸው ነው የመጣኸው» አሉኝ። ዋስትናስ ስላቸው «ዋስትናው እዚህ በሩ ድረስ ነው»! ሰው ፊት ነው እንዲህ ያሉኝ።

ሲኤምሲ፦
ደረሰኝ አልነበረህም?

ጀሞ ሁለት፦
በደረሰኝ ሌላ ዋጋ፣ ያለ ደረሰኝ ሌላ ዋጋ ነዋ። አንተ የት አገር ነው የምትገዛው?

ሲኤምሲ፦
እንግዲያው አትማረር። 15 በመቶውን ለማትረፍ ብለህ መብትህን አስረክበህ መጣህ።

ጀሞ ሁለት፦
ቫቱን የሚበላው ነጋዴ እያለ ጥፋተኛው እኔ ሆንኩ?

ሳሪስ፦
እኔም ባለፈው ዓመት ባትሪ ገዝቼ ልክ እንዲህ አርገውኛል።

መክሊት፦
ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልወጣ ነው። ለዚህ ሁሉ ራስ ምታት ሳይክል ግዢለት፣ ስፖርትም ነው።

ቴስተር፦
ስለ ደረሰኙ ስትጨርሱ የሴትዮዋን ጥያቄ እንመልስ።

የናሆም እናት፣ ሁለት ሽቦ ያለው ባለካርቦን ሞተር ነው። ኤሌክትሪኩን ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው የሚያቀያይርለት ውስጡ ያለው ካርቦን ስለሆነ፣ ኮንትሮለሩ የሚሠራው መጠኑን ከፍ ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። ብራሽለሱ ካርቦን የለውም፤ የማቀያየሩን ሥራ ኮንትሮለሩ ስለሚሠራለት ነው ሦስት ወፍራም ሽቦ የሚያወጣው። አንዱ ለሌላው አይሆንም፣ ናስትሮ ብትጨርሺም። ደግሞ አብዛኛው የ36 ቮልት ኮንትሮለር ወደ 30 ቮልት ሲወርድ ባትሪው አለቀ ብሎ ይዘጋል፤ ባንቺ 24 ባትሪ ከነጭራሹ አይነሳም።

ከመግዛትሽ በፊት ግን ሠሪው ኮንትሮለሩ መሄዱን በምን አወቀ? ከፍሬኑ እጀታ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ይወጣል፣ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩን የሚያጠፋ ነው። እሱ ተጣብቆ ከቀረ ሁሉም ደህና ሆኖ አይነሳም። በአብዛኛው ሶኬቱን መንቀል ይበቃል፣ ሞክሪው። ከዚያ ከጋዙ እጀታ የሚወጡትን ሦስት ሽቦዎች ለኩ፤ ቀዩና ጥቁሩ መካከል 5 ቮልት ገደማ መኖር አለበት፣ ሦስተኛው ሽቦ ላይ ከ1 ቮልት አካባቢ ተነስቶ ጋዝ ሲሰጥ ወደ 4 ይወጣል። 5ቱ ኖሮ ሦስተኛው ካልተንቀሳቀሰ ጋዙን ነው የምትቀይሪው። ሞተሩን ደግሞ ካቴናውን አውልቆ ሁለቱን ሽቦ ለአፍታ ባትሪው ላይ መንካት ነው። ከዞረ ጤነኛ ነው።

ይሄ ሁሉ ደህና ሆኖ ካልነሳ ያኔ ኮንትሮለር ፈልጊ፦ ባለካርቦን፣ 24 ቮልት፣ 250 ዋት። 500 ዋት ቢሰጡሽ ይሠራል፣ ግን ዳገት ላይ ሞተሩ ከሚችለው በላይ አምፒር ይለቅበታል። ሶኬቶቹን በቀለም አትመኚ፣ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ።

ዳገት ገዳይ፦
እንዲህ ያለ ሰው ካለ እስካሁን ለምን አስቀለድከን?

ገርጂ፦
ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ቻርጀሩን አይታችኋል? የእህቴ ልጅ ስኩተር ቻርጀር 120 ብቻ የሚል ነበር። እዚህ 220 ላይ ሲሰካ ጧ ብሎ ቤቱን ጭስ በጭስ አደረገው። 100–240 የሚል ከሆነ ችግር የለም።

የአውቶብስ ተራ ልጅ፦
ቻርጀርም ሽማግሌው ጋ አለ።

ዳገት ገዳይ፦
ኮንዶሚኒየምስ?

ጀሞ ሁለት፦
@ቴስተር ለኔስ? ወይስ ደረሰኝ ስለሌለኝ አይመለከተኝም?

ቴስተር፦
ቀለም በቀለም ማገናኘትህ ነው ጉዱ። የአንዱ ፋብሪካ ቢጫ ከሌላው ቢጫ ጋር ላይገጥም ይችላል፣ መንቀጥቀጥና ማጓራቱ የዚያ ምልክት ነው። መጀመሪያ ግን ቀጫጭኖቹን አምስት የሆል ሴንሰር ሽቦዎች ፈትሽ፤ ሞተሩ ዞሮ የት እንደደረሰ ለኮንትሮለሩ የሚነግሩት ናቸው። ቀዩና ጥቁሩ ላይ 5 ቮልት እያለ ጎማውን በእጅህ ቀስ ብለህ አዙር፤ በቀሩት ሦስቱም ሽቦ ላይ ቴስተሩ 0፣ 5፣ 0፣ 5 እያለ መቀያየር አለበት። አንዱ ዝም ካለ ሴንሰሩ ሞቷል፣ ኮንትሮለሩን አትማው። ሦስቱም ከሠሩ ሦስቱን ወፋፍራም ሽቦ እያቀያየርክ ሞክር፣ ስድስት ዓይነት አሰላለፍ ነው። ጎማው ከመሬት ተነስቶ፣ ጋዙ በትንሹ። በየመሀሉ ባትሪውን ንቀል።

የናሆም እናት፦
ቴስተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቻርጀሩ 120 ይላል፣ ግን ትራንስፎርመር አለን። የፍሬኑን ሽቦ ማታ ባለቤቴ ሲገባ እናየዋለን። እግረ መንገዴን፣ የዚህ የኋላ ጎማ የት ይገኛል? አልቋል።

የአውቶብስ ተራ ልጅ፦
አሁን እኔ ብናገር ትስቃላችሁ።

መክሊት፦
የሳይክል ጎማ ግን በየሰፈሩ ይገኛል።

ጀሞ ሁለት፦
ሴንሰሩ ሦስቱም ይሠራል። ወፋፍራሞቹን ቀያየርኩ፣ መንቀጥቀጡ ጠፋ፣ ጸጥ ብሎ ይዞራል። ግን ወደ ኋላ ነው የሚዞረው።

ዳገት ገዳይ፦
በጣም ጥሩ፣ ፊትህን ሳታዞር ሱቁ ድረስ ንዳና መልስላቸው።

ቴስተር፦
ተቃርበሃል። ከቀዩና ከጥቁሩ ውጪ ካሉት ሦስት የሆል ሽቦዎች ሁለቱን አቀያይርና ለወፋፍራሞቹ እንደገና ስድስቱን ሞክር፣ ወደ ፊት የሚሄደው ከነዚያ አንዱ ነው። ኮንትሮለሩ ላይ ብቻቸውን የቀሩ ሁለት ነጫጭ ሽቦዎች ካሉ ግን ምንም አትቀያይር፣ በፎቶ አሳየኝ።